ፊቱን ወደ ጓሮ ያዞረው ሐረግ

ሰፈሩ በሙሉ «እሜቴ ሥርዓት» ይላታል። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ዓይን ያለው ሰው መሆን አለበት። የሳህን መወልወያ ጨርቅ ሳይቀር ትተኩሳለች። እንግዳ ቤቷ ገብቶ ትራስ ከተደገፈ፣ ገና ከበር ሳይወጣ ትራሱ ተመትቶ፣ ተነፍቶ፣ ቦታው ይመለሳል። በመሥሪያ ቤቷ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። ሥራ አስኪያጆች ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ እሷ ከነጠረጴዛዋ እዚያው ናት። አዲስ የመጣ አለቃ ከመሥሪያ ቤቱ ደንብ በፊት የእሷን ደንብ ይማራል፤ ወረቀት ላይ ኩባያ አይቀመጥም፣ በር ሳይንኳኳ አይገባም፣ «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል የሚጻፈው ነገሩ በእውነት ሲያስቸኩል ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንዲት ልጇን ብቻዋን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ ልታበቃት ጫፍ ደርሳለች። በስሟ የሚስቅ ሞልቷል፤ ቤቷን አይቶ የማይቀና ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ ሥርዓት አልገባላትም፤ ታላቅ ወንድሟ።

ወንድሟ ጫማ ሰፊ ነው። አባታቸው ባወረሳቸው ግቢ ውስጥ እሷ ከፊት ባለው ቤት፣ እሱ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ይኖራሉ። ሥራው በረንዳው ላይ ነው። ከአንዲት በርጩማ ጀምሮ አፋቸውን የከፈቱ ጫማዎች፣ ተረከዝ የሌላቸው ቦቲዎች፣ የእንጨት ፎርማ፣ የሶል ቁርጥራጭ፣ ክዳኑ ገጥሞ የማያውቅ የማስቲሽ ጣሳ በረንዳውን ሞልተውት ወደ ግቢው ይወርዳሉ። ሲሠራ ሚስማሮቹን በከንፈሮቹ መሃል ይይዛል፤ እንደያዛቸውም ያወራል፣ እንደያዛቸውም ይዘፍናል። ደንበኛ ቢመጣ፣ ዘመድ ቢመጣ፣ ቀበሌ ቢመጣ ሚስማሩን ከአፉ አያወጣም። አንድ ቀን ይውጠዋል ብላ ስትሰጋ ዕድሜዋ አለቀ፤ እሱ ግን አንድም ውጦ አያውቅም። ሚስት አላገባም። ለምን እንዳላገባ ሲጠየቅ «የማይጠገን ጫማ አላየሁም፣ የማይጠገን ጠብ ግን አይቻለሁ» ብሎ ይስቃል።

እህቱን ከፍሎ ታይፕ ያስተማራት እሱ ነው። ለመጀመሪያው የሥራ ፈተናዋ ያደረገችውን ጥቁር ጫማም የሠራላት እሱ ነው። ይህን ታውቃለች። እያወቀች ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ ወንድሟ ሲጠይቋት «በቆዳ ሥራ ላይ ነው» ትላለች። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም። አንዴ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ወንድሟ ፋብሪካ ያለው መስሎት ለሚስቱ ጃኬት በቅናሽ እንዲያገኝ ሊለምናት መጣ። «አሁን ምርቱ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው» ብላ ሸኘችው። ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ወንድሟ የማን እንደሆነ የማታውቀውን አሮጌ ጫማ ታቅፎ እየዘፈነ ነበር። ዓይኑን ማየት አቅቷት በጎን አለፈች።

ታዲያ ልጇ፣ ሌላ ከተማ ሥራ የያዘችው ልጇ፣ ስልክ ደወለች። እጮኛዋ እናቱን ይዞ ለትውውቅ ሊመጣ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይመጣሉ። የልጁ እናት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ አትክልት የሚወዱ ሴት ናቸው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከተናገረች በኋላ፣ «አጎቴን ከአሁኑ ንገሪው፤ ያችን ነጭ ሸሚዙን ይልበስ» አለች። እናት «እነግረዋለሁ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ሳሎን ቆመችና በእንግዳ ዓይን ቤቷን ማየት ጀመረች። ሶፋው ደህና ነው። መጋረጃው ደህና ነው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። መስኮቱ ሙሉ ለሙሉ የሚያሳየው በረንዳውን፣ ጫማዎቹን፣ ሚስማር በአፉ የያዘውን ወንድሟን ነው። ማስቲሹም ሲሞቅ ሽታው መስኮት አይከለክለውም። ፊቷ ጋለ፤ እንግዶቹ ገና ሳይመጡ ማፈር ጀመረች።

መጀመሪያ ያሰበችው ያን ቀን ወጣ ብሎ እንዲውል ልትለምነው ነበር። ደጃፉ ድረስ እየሄደች፣ አፏን እየከፈተች፣ «ጋሼ፣ ክብሪት አለህ?» ብላ ትመለሳለች። ክብሪት በላይ በላዩ ተከምሮባት መሳቢያ ሞላ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚናገር አፍ አልፈጠረላትም። የሚሠራው እጅ ግን ነበራት። ግቢውን መሃል ለመሃል የሚከፍል ሐረግ ልትተክል ወሰነች።

ችግኝ ሻጯ መንገድ ዳር፣ በጆንያ ጥላ ሥር የምትውል፣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ያሉትን ችግኞቿን እንደ ልጆቿ የምትቆጣ ሴት ናት። እሜቴ ሥርዓት ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ከፊቷ ቆመችና ቶሎ የሚያድግ የሚንጠላጠል ነገር፣ ከተቻለም ጥሩ ሽታ ያለው፣ እንደምትፈልግ ነገረቻት። ሻጯ ከሥሩ ለመቀመጥ ነው፣ ለማየት ነው ወይስ ለመሸፈን ብላ ጠየቀች። ለመሸፈን ነው አለች። ምኑን ስትባል «ግድግዳ» አለች፤ ምላሷ ላይ የመጣላት እሱ ነበር።

ሻጯ አንድ በአንድ አነሳሳችላት። ቡገንቪሊያ ውበቱ ሌላ ነው፤ ግን እሾሃም ነው፣ ሰፋ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ልብስ ይቀዳል። ተንጠላጣይ ጽጌረዳ ሽታዋ የተባረከ ነው፤ ነገር ግን ኩሩ ናት፣ ካላቆላመጧት አትወጣም። ፓሽን የተባለው ሐረግ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ግን ልክ የለውም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ያነሳል። ጠዋት ፈክታ ከሰዓት የምትጠቀለል ሰማያዊ አበባ ያላት ሐረግ ደግሞ አለች፤ እሷን የሚቀድም የለም፣ ግን ዕድሜዋ አጭር ነው፣ ሽታም የላትም። ጃስሚን ሽታው መንደር ይጠራል፤ መጀመሪያ ላይ ዳተኛ ነው፣ ውኃ ከጠገበ ግን አይያዝም።

«ሽታው ምን ያህል ይሄዳል?» አለች እሜቴ ሥርዓት።

«ከምን ጋር ተወዳድሮ?» አለች ሻጯ።

 በመጨረሻ ሰማያዊዋ ቀድማ እንድትሸፍንላት፣ ጃስሚኑ ከሥር ተከትሎ እንዲረከባት፣ እግራቸው ሥር ደግሞ ላቬንደርና ናና እንዲሰለፉ ተስማሙ። ሻጯ ችግኞቹን ካርቶን ውስጥ እየደረደረች ፀሐይ በየትኛው በኩል እንደምትመታ ጠየቀቻት፤ አበባ ወደ ፀሐይ ነው የሚዞረውና ከየት ሆና እንደምታየው ብታስብበት ጥሩ ነው አለች። እሜቴ ሥርዓት ግን ሐሳቧ ከመስኮቱና ከበረንዳው ላይ ስላልተነሳ «ፀሐይስ ሞልቶናል» ብላ ካርቶኑን ተቀበለች። በሕይወቷ ሙሉ ደብዳቤ ሁለቴ ሳታነብ አስፈርማ የማታውቅ ሴት፣ ይህን አንድ ጥያቄ አንዴም አልሰማችውም።

ወንድሟ ካርቶኑን ሲያይ መዶሻውን ጥሎ ተነሳ። ምንድን ነው አላለም፣ ለምን አላለም። ግቢው ደረቀብኝ፣ ትንሽ አረንጓዴ ነገር ልይ ብዬ ነው አለችው፤ ዓይኗን ካርቶኑ ላይ ተክላ። ጉድጓዶቹን እሱ ቆፈረ። ምሰሶዎቹን እሱ አቆመ። ሐረጎቹ የሚወጡበትን መረብ የሠራው ደግሞ በሰም በተቀባው የጫማ ክሩ ነው፤ ጫማ ይዞ የሚያቆይ ክር ሐረግ አይለቅም አለ። ለስላሳ ቆዳ እንደ ሪባን ቀጭን አድርጎ ቆርጦ፣ አንገታቸው እንዳይጎዳ እያለ ቀንበጥ ቀንበጡን ከክሩ ጋር ያስራል። ጠዋት ከሥራ በፊት ውኃ ያጠጣል፤ ዝናብ በሌለ ቀን ማታም ይደግማል። እሷ ከመስኮቱ ሆና ታየዋለች። ሰውዬው መጋረጃውን በገዛ እጁ እየሸመነ ነው። ማየቱ ሲከብዳት መስኮቷን ትዘጋለች፤ ሞቆ ሲያስጨንቃት ደግሞ ትከፍታለች።

ዝናቡ አገዘ። ሰማያዊዋ ክሩን ይዛ ሽቅብ ተፈተለከች፣ ጃስሚኑም ከኋላ ደረሰባት። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ከሳሎኑ መስኮት በረንዳው ጠፋ፤ በርጩማው ጠፋ፣ ቦቲዎቹ ጠፉ። የሚሰማው የመዶሻው ድምፅ ብቻ ነበር። እሜቴ ሥርዓት ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ወንድሟ ከሐረጉ ጫፍ ብቅ ብሎ ጠራት። «እህት ዓለም፣ አበባው ሁሉ ወደ እኔ በኩል ነው ያደላው። አልከፋሽም?»

«ቅጠሉ ይበቃኛል» አለች፣ ቸኩላ ነበር።

አንድ አፍታ አያት። ከዚያ ሚስማሮቹን ወደ ከንፈሩ መልሶ ወደ በርጩማው ሄደ። ያ አስተያየት በኋላ ብዙ ሌሊት መጥቶባታል፤ ያን ጠዋት ግን ታክሲ እንዳያመልጣት ነበር የፈራችው።

ለወንድሟ ምንም አልነገረችውም። ለልጇ ደግሞ ቀኑ ሲቃረብ አጎቷ ለሥራ ከከተማ ሊወጣ እንደሆነ ነገረቻት።  ልጅቷ «ቀኑን ነግረሽው ነው?» አለች። እናት ዓይኗን በጨው አጥባ «ነግሬዋለሁ፣ ምን ያድርግ፣ ሥራ ነው» አለች። ጸሐፊ ሆና ስትኖር ለአለቆቿ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች ስንቱን ሸኝታለች፤ ለገዛ ልጇ ግን እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዶቹ የመጡ ቀን መዶሻው ከጠዋት ጀምሮ አልተሰማም። የማስቲሹም ሽታ የለም። ግቢው ውስጥ ያለው የጃስሚን ሽታ ብቻ ነው፤ ልብ ያውዳል። እሜቴ ሥርዓት ወንድሟ ወጣ ብሎ ይሆናል ብላ አሰበች፤ አስባም እፎይ አለች፤ እፎይ ማለቷንም ወዲያው ጠላችው።

ዳይሬክተሯ ረጅም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከዘራ የያዙ ሴት ናቸው። ልጃቸው ዓይን አፋር ነው፤ ሻይ ሲቀርብለት አቅራቢዋን ይሁን ኩባያውን የሚያመሰግነው ግራ ያጋባል። ጨዋታው ደራ። ዳይሬክተሯ የሶፋውን ልብስ አደነቁ፣ የልጅቷን አስተዳደግ አደነቁ፣ ከዚያ እንደዋዛ «ወንድም እህት የለዎትም?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ወንድም አለኝ፤ ከከተማ ወጥቶ ነው እንጂ» አለች። ልጇ ከፊት ለፊቷ አንገቷን ደፋች።

«ያሳዝናል» አሉ ዳይሬክተሯ፤ አፍንጫቸውንም ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ይህ ጃስሚን ነው። ሽታው ከገባሁ ጀምሮ ይዞኛል። አበባው የታለ?»

ከመስኮቱ የሚታየው ግንድ፣ የቅጠል ጀርባና በቆዳ የታሰረ ክር ነው። አበባው ፀሐይ ወዳለበት፣ ወደ ወንድሟ በኩል ዞሯል። ወንድሟ ነግሯት የነበረ ቢሆንም እሜቴ ሥርዓት ይህን ልብ ብላ ያየችው ገና አሁን ነው። ወራት ሙሉ በየቀኑ ስታየው የኖረችው ነገር አሁን ገና ገባት። ኋላ በኩል መሬቱ ጭቃ ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ቆርጬ ላምጣልዎ ብትልም ዳይሬክተሯ ተነስተዋል። አበባ ተቆርጦ ሲመጣ አይወዱም፤ ባለበት ሄደው ነው የሚያዩት። ልጅቷና እጮኛዋ ፎቶ እያዩ ሳሎን ቀሩ። ከዘራው ቀድሞ፣ እሷ ተከትላ፣ በሐረጉ ጫፍ ዞሩ።

ያኛው ወገን ሌላ ግቢ ነበር። ጃስሚኑ ከላይ እስከ ታች ነጭ ነው፤ በመሃሉ ሰማያዊዋ ገና አልተጠቀለለችም። በረንዳው ተጠርጓል። ጫማዎቹ በአንሶላ ተሸፍነው ጥግ ይዘዋል፤ የማስቲሹ ጣሳ የለም። ወንድሟ በርጩማው ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ነጩን ሸሚዙን ለብሷል። ራሱ ተኩሶት ኖሮ ኮሌታው ላይ እጥፋት ቀርቷል።

ማንም አልነገረውም፤ ከቤቱ ጽዳትና ጉድ ጉድ ነው ያወቀው። ዕቃውን የሸፈነው ባልጠራ ብሎ ነው፤ ሸሚዙን የለበሰው ምናልባት ብጠራ ብሎ ነው። እሜቴ ሥርዓት ይህን በአንድ እይታ አወቀች።

ዳይሬክተሯ አበባውን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉና ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ነህ ይህን የተከልከው?»

ታላቅ ወንድሟ «አንተ» ሲባል ሰማች። አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር እሷ ራሷ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እሱ ቀደማት።

«አዎ እመቤቴ» አለ ተነስቶ። «አትክልተኛው ነኝ።»

ዳይሬክተሯ እጁን አመሰገኑ። እሳቸውም ጓሮ ራቁቱን የቆመ ግድግዳ እንዳለ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እሱን ሲያዩ እንደሚውሉ፣ እንዲህ ያለ ሰው ፈልገው እንዳጡ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው ሰውየውን ብታውሳቸው ቅር ይላት እንደሆነ ጠየቁ።

«ምን ቅር ይለኛል» አለች። «እልክልዎታለሁ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምድር ግን የሚጠብቃት ሥራ ሌላ ነው፤ ሐረጉን ይዛ ቆማለች።

እንግዶቹ ሲሸኙ መሸት ብሎ ነበር። እሜቴ ሥርዓት ትራሱን ሳታነሳ ወደ ኋላ ቤት ሄደች። ነጩ ሸሚዝ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ወንድሟ በአሮጌው ሹራብ አንድ ተረከዝ ይቀጠቅጣል። ደጃፉ ላይ ቆመች። ክብሪት ልትጠይቅ እንኳ አልቻለችም።

«መቼ ነው የምትልኪኝ?» አለ፣ ቀና ሳይል። ቂም አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

«ጋሼ…»

«ቃል ገብተሻል። ሴትየዋ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ጥላ ያስፈልጋቸዋል።»

ሂድ ማለትም አትሂድ ማለትም አቃታት። እሱ ግን ከሐረጉ ቁርጥራጭ ወስዶ ጣሳ ውስጥ ማብቀል ጀመረ፤ ሥር ሲያወጡለት በአንድ ቅዳሜ ለመሄድ ተነሳ። ብቻውን ልትልከው አልሆነላትም። ዳይሬክተሯ እሷንም ለምሳ ስለጠሯት አብረው ሄዱ። ታክሲ ውስጥ ጣሳዎቹን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ፣ ድንጋይ ሲያነጥራቸው በመዳፉ እየከለለ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርሱ በእጇ የያዘችውን ዘንቢል ተቀበላት። አይ ጋሼ እኔ እይዘዋለሁ ብትለው «የሚያምርብኝ እኔ ነኝ» ብሎ ፈገግ አለና ወደ ኋላዋ ቀረ። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲወስዳት እሷ ነበረች ከኋላ ከኋላው የምትሄደው።

ዳይሬክተሯ በደስታ ተቀበሏት። «ዘመድ ሆነናል፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ነው የምልሽ» አሉ። ወንድሟ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። መጀመሪያ ያደረገው ቀና ብሎ ፀሐይዋን መፈለግ ነው፤ ቀጥሎ ዳይሬክተሯን የት እንደሚቀመጡ ጠየቃቸው። ወንበራቸውን አሳዩት። አበባው ወደዚያ እንዲዞር አድርጎ ጉድጓዱን መማስ ጀመረ።

ምሳ ሲቀርብ ዳይሬክተሯ መጀመሪያ አንድ ሳህን ሞልተው ሸፈኑ። «ሰውየሽ ርቦት ይሆናል፤ ጉልበቴ ደረጃውን እንቢ ስላለኝ አንቺው አድርሺለት» ብለው ሰጧት። ሳህኑን ይዛ በኩሽናው በር ወጣች።

ወንድሟ እጁን ታጥቦ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ዳይሬክተሯ ቆመው ያያሉ። ይህን ያየው እሱ ነው፤ እሷ አላየችም። እህቱ ስትመጣ ከባልዲው ብድግ አለ። ጎንበስ ብሎ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ» አለ።

ታላቅ ወንድሟ ተነሳላት። አባቷ ሲሞት እንደ አባት የሆነላት ሰው፣ ሲገባ እየተነሳችለት ያደገችው ሰው፣ እሷን ከሐፍረት ሊያድን ብሎ ተነሳላት። እሜቴ ሥርዓት ሳህኑን አለቀቀችም። ሁለቱም ይዘውት ቆሙ።

«ተቀመጥ ጋሼ» አለች። ድምፁ ራሷን አስደነገጣት። ዓይኑን ተከትላ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ወንድሜ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው። ከከተማ አልወጣም ነበር።»

ዳይሬክተሯ ከመስኮቱ ጠፉ። ከዚያ ከዘራቸው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ተሰማ፤ እንቢ ያላቸውን ደረጃ ወረዱት። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?» አሉ። «እርስዎ» መባሉን ሰማች።

«አፈርኩበት» አለች። የተሻለ መልስ ብትፈልግም አልነበረም። «ጫማ ሰፊ ነው። አፈርኩበት።»

«እኔን ደግሞ የልጄን አማች ባልዲ ላይ አስቀምጠው አስበሉኝ» አሉ ዳይሬክተሯ። «እኔ አላደረግሁትም፤ እርስዎ ነዎት ያስደረጉኝ። ዕድሜ ልኬን ልጆች ፊት ቆሜ ያስተማርኩትን በገዛ ጓሮዬ አስሻሩኝ።»

ወንድሟ መሃል ገብቶ እህቴ አትወቀስ፣ ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አትክልተኛ ነኝ ያልኩት በገዛ አፌ ነው ሲል ዳይሬክተሯ በእጃቸው ዝም አሰኙት። ከዚያ በፊቱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ጠየቁት፤ «እርስዎ» ብለው። ክንዱን ይዘውም ወደ ቤት አስገቡትና የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ምሳው ተበላ። ሲሸኟቸው ለእሷ አንድ ነገር ብቻ ነገሯት። «ለልጅዎ እኔ ልንገራት ወይስ እርስዎ ይነግሯታል? ዛሬውኑ ግን ይሁን።»

መንገድ ዳር ቆማ ደወለች። ወንድሟ ትንሽ ራቅ ብሎ የሰው አጥር ላይ ያለ ሐረግ የሚያይ መሰለ። ሁሉንም ነገረቻት፤ የተከለችበትን ምክንያት፣ የዋሸቻትን፣ በረንዳው ላይ የሆነውን። ልጅቷ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነበር?»

«ለብሶ ነበር» አለች እናት።

ስልኩ ተዘጋ። እናትየው የተዘጋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች። ወንድሟ መጥቶ «ምን አለች?» ሲላት «ሰላም ብላሃለች» አለችው። ይቺ የመጨረሻዋ ውሸት ናት፤ እሱም እንዳላመናት ታውቃለች።

ልጅቷ ለእናቷ ለብዙ ጊዜ አልደወለችም፤ ለአጎቷ ግን ትደውል ነበር። ዳይሬክተሯ ለሁለተኛው ትውውቅ ሲመጡ ከሁሉም አስቀድመው የጠየቁት እሱን ነው። ሠርጉም ሆነ። ነጩን ሸሚዝ እሜቴ ሥርዓት ራሷ ተኮሰችው፤ ኮሌታው ላይ ያለችው እጥፋት ግን ተቃጥላ ኖሮ አልለቀቀችም። ዳይሬክተሯ እሜቴ ሥርዓትን በክብር ነው የሚይዟት። እስከ ዛሬ ግን «እርስዎ» ይሏታል።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ካስቀመጠች በኋላ በሐረጉ ጫፍ ዞራ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ አበባው እዚያ በኩል ነው ትላለች ለጠየቃት። የደንበኞች አግዳሚ ላይ፣ በማስቲሹና በጃስሚኑ መሃል ትቀመጣለች። ብዙ አይነጋገሩም። ይቅርታ ልትጠይቀው በሞከረች ቁጥር የሆነ ጫማ አንስቶ ስለ ጫማው ያወራል።

በቅርቡ አንድ አዲስ ደንበኛ በጓሮ በር ገባ። ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ የሚመስል፣ ልብሱ የተስተካከለ ሰው ነው፤ የተፈታ ሶል ይዟል። በዚያ ሁሉ ቦቲ መሃል የተቀመጠችውን፣ የቢሮ ልብስ የለበሰችውን ሴት አየና ግራ ገባው። እሷም ተራ እየጠበቀች እንደሆነ ጠየቃት። እሜቴ ሥርዓት ገና መልስ ስትፈልግ ወንድሟ መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከከንፈሮቹ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋቸው።

«እህቴ ናት» አለ።

ሚስማሮቹን ወደ አፉ መልሶም ጫማውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።